የአለርጂ ሰንጠረዡ የማይነግራችሁ፦ ቪጋን ሆኖ በውጭ አገር መዝናኛ ፓርክ መብላት

በትልልቆቹ መዝናኛ ፓርኮች ዛሬ ቪጋን ምግብ፣ ማለትም ከእንስሳት የተገኘ ምንም ነገር የሌለበት ምግብ፣ ማግኘት ብዙ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው የትኛው ምግብ በእርግጥ ቪጋን እንደሆነ መለየቱ ነው። ፓርኮቹ በድረ ገጻቸውና በመተግበሪያቸው የሚያወጡት ዝርዝር የተዘጋጀው አለርጂ ላለበት ሰው ነውና። ወተት፣ እንቁላልና ዓሣ የት የት እንዳሉ ያሳያል፤ የዶሮ መረቅ፣ የአሳማ ስብ፣ ማርና ጄላቲን (ከእንስሳት ቆዳና አጥንት የሚሠራ ማርጊያ) ግን አብዛኛውን ጊዜ አይገቡበትም።

ምክንያቱ ሕጉ ላይ ነው። በአሜሪካ በታሸገ ምግብ ላይ የግድ መጻፍ ያለባቸው አለርጂ አምጪዎች 9 ናቸው፦ ወተት፣ እንቁላል፣ ዓሣ፣ እንደ ሽሪምፕና ሸርጣን ያሉ የባሕር እንስሳት፣ ለውዝ፣ እንደ አልሞንድ ያሉ የዛፍ ፍሬዎች፣ ስንዴ፣ አኩሪ አተር፣ እንዲሁም እ.ኤ.አ. ከ2023 መጀመሪያ ወዲህ ሰሊጥ። የአውሮፓ ኅብረት ዝርዝር 14 ይደርሳል፤ ሰናፍጭ፣ ሴለሪ፣ ሉፒንና ሰልፋይት የመሳሰሉትን ይጨምራል፣ እ.ኤ.አ. ከ2014 መጨረሻ ጀምሮም ምግብ ቤት ውስጥ የሚሸጠውን ያልታሸገ ምግብ ሁሉ ይመለከታል። በሁለቱም ዝርዝሮች ውስጥ የበሬ፣ የዶሮ ወይም የአሳማ ሥጋ የለም። ስለዚህ ከወተት፣ ከእንቁላልና ከዓሣ ነጻ ተብሎ የተመዘገበ የተፈጨ ባቄላ በአሳማ ስብ የተሠራ፣ አጠገቡ ያለው ሩዝም በዶሮ መረቅ የበሰለ ሊሆን ይችላል። ሰንጠረዡ አልዋሸም፤ የተጠየቀው ሌላ ጥያቄ ነው።

ሰንጠረዡን በሁለት ዙር ማንበብ ያዋጣል። በመጀመሪያው ዙር ወተት፣ እንቁላል፣ ዓሣ ወይም ሌላ የባሕር እንስሳ ያለበትን ሁሉ ለዩ፤ ግን ወዲያው አትሰርዙት። ምልክቱ የሚሰጠው ለሙሉው ሳህን ነው። በርገሩ ላይ ወተት ተብሎ የተጻፈው ከላይ ለተቀመጠችው አንዲት ቁራጭ ቺዝ ሊሆን ይችላል፣ እርሷ ስትነሳ የቀረው ንጹሕ ነው። ወተቱ ያለው ዳቦው ውስጥ ከሆነ ግን (ብሪዮሽ የሚባለው ለስላሳ የበርገር ዳቦ ቅቤና እንቁላል አለው) ዳቦው ካልተቀየረ ወይም በሰላጣ ቅጠል ካልተተካ በርገሩ አይሆንም። የበርገሩ ጥብስም ቢሆን ይለያያል። ኢምፖሲብልና ቢዮንድ የሚባሉት በርገሮች የእንስሳት ውጤት የለባቸውም፤ በየወጥ ቤቱ የሚሠራው የአትክልት በርገር ግን ብዙ ጊዜ እንዳይፈርስ በእንቁላል ነጭ የተያያዘ ነው። «የትኛው ክፍል ነው ወተት ያለው?» የምትለዋ ጥያቄ «ይህ ቪጋን ነው?» ከሚለው ይልቅ ብዙ ምግብ ታድናለች።

ሁለተኛው ዙር በአፍ የሚጠየቀው ነው፦ መረቅ፣ ስብ፣ ማር፣ ጄላቲንና የመጥበሻው ዘይት። ከእነዚህ አብዝቶ ሰው የሚያታልለው መረቁ ነው፤ ሾርባ፣ ሩዝ፣ ኩስኩስና ኑድል ውስጥ ሁሉ ይገባል። ጄላቲን ደግሞ ያለው ከረሜላ ቤቱ ዘንድ ነው፦ ማርሽማሎ፣ ለስላሳ ጄሊ ከረሜላና ማርሽማሎ የተቀላቀለባቸው ኬኮች። የሚያብረቀርቁ ከረሜላዎች ላይ ሼላክ፣ ቀዮቹ ላይ ካርሚን ፈልጉ፤ ሁለቱም ከነፍሳት የሚገኙ ናቸው፣ የአውሮፓ ማሸጊያ ላይም ኢ904 እና ኢ120 ተብለው ሊጻፉ ይችላሉ።

ዘይቱን በተመለከተ ውሳኔው የእናንተ ነው። የድንች ጥብሱ ራሱ ንጹሕ ሆኖ ዶሮና ዓሣ በሚጠበስበት ዘይት ውስጥ ሊገባ ይችላል። ይህ ለአንዳንዱ ቪጋን ችግር አይደለም፣ ለሌላው የማይታለፍ ነው። «ወተት ሊነካው ይችላል» የሚለው ማስጠንቀቂያም እንደዚሁ ነው፤ በአንድ ወጥ ቤት ውስጥ ሊከሰት ስለሚችል ንክኪ የሚናገር እንጂ ወተት ተጨምሮበታል ማለት አይደለም። ቪጋን መሆናችሁ በእምነት ወይም በሥነ ምግባር ከሆነ ልታልፉት ትችላላችሁ፤ የወተት አለርጂም ካለባችሁ ግን ፈጽሞ አትለፉት፣ ለአስተናጋጁም አለርጂ እንዳለባችሁ ለይታችሁ ንገሩት። አለርጂ ሳይኖር «አለርጂ አለብኝ» ማለት መጥፎ አቋራጭ ነው። ወጥ ቤቱ ዕቃ ይቀይራል፣ ሼፍ ይጠራል፣ ምግቡ ይዘገያል፤ ይህም ሁሉ ሆኖ ስለ ዶሮ መረቁ ማንም አይነግራችሁም።

አንድ ወጥመድ ልጨምር። አሜሪካ ውስጥ ለቡና የሚቀርብ «ነን-ዴይሪ» (የወተት ውጤት ያልሆነ) የተባለ ዱቄት ወይም ክሬም ከወተት ፕሮቲን የተገኘ ኬዝኔት ሊኖረው ይችላል። ከስያሜው ይልቅ ከጀርባው የተጻፈውን አንብቡ፣ ወይም በስሙ የኦት፣ የአኩሪ አተር ወይም የአልሞንድ ወተት ጠይቁ።

ኦርላንዶ፣ ቅጠሉን ይዞ መሄድ

ፍሎሪዳ ያለው ዋልት ዲዝኒ ወርልድ ለቪጋን ጎብኚ ከሚቀልሉት ቦታዎች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2019 መጸው ጀምሮ ሜኑዎቹ ላይ ትንሽ የቅጠል ምልክት ይታያል፤ ትርጉሙም ምግቡ ያለ ሥጋ፣ ያለ ወተት ውጤት፣ ያለ እንቁላልና ያለ ማር የተሠራ ነው ማለት ነው። ማር ተለይቶ መጠቀሱ ትልቅ ነገር ነው፤ «ከዕፅዋት የተሠራ» የሚል ጽሑፍ ሌላ ቦታ ይህን ያህል አይገልጽም። ቅጠሉ የሚናገረው ግን ስለ አሠራሩ ብቻ ነው፣ ስለ መጥበሻው ዘይት አይደለም። ሶሱን ካስቀየራችሁም ምልክቱ ዋጋ የለውም።

ከዲዝኒ ወርልድ ፓርኮች አንዱ በሆነው አኒማል ኪንግደም ውስጥ ያለው ሳቱሊ ካንቲን የተባለ ምግብ ቤት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ሳህኑን የሚሠራው ጎብኚው ራሱ ነው፦ ከሥር ሩዝ ወይም ሰላጣ፣ ከላይ ቶፉ (ከአኩሪ አተር የሚሠራ)፣ ከዚያ ሶስ። ቶፉ በመምረጥ ብቻ ነገሩ አያልቅም፤ ክሬም መሳይ ነጭ ሶስ ከተጨመረ ሳህኑ ከቪጋንነት ይወጣል፣ በዘይትና በቅጠላ ቅጠል የተሠራው ግን አያበላሸውም። እንዲህ ተመርጦ የሚሠራ ሳህን ያለበትን ምግብ ቤት በየፓርኩ አስቀድሞ መለየት ከምንም ነገር ይበልጣል።

ማጂክ ኪንግደም በተባለው ሌላው ፓርክ ውስጥ አሎሃ አይል የሚሸጠው የአናናስ ዶል ዊፕ (አይስ ክሬም መሳይ ቀዝቃዛ ጣፋጭ) ወተት የለበትም። ከቫኒላ ጋር የተጠማዘዘው ግን ወተት አለው፤ በሙቀት ተሰልፎ ፈጥኖ ሲያዝ የሚቀላቀሉትም እነዚህ ሁለቱ ናቸው። «አናናስ ብቻ» በሉ።

ማዘዣውን በስልክ ማድረጉ ይሻላል። ማይ ዲዝኒ ኤክስፒሪየንስ የተባለውን መተግበሪያ ከጉዞው በፊት አውርዳችሁ የክፍያ ካርዳችሁን አስገቡ፣ ከዚያ ምግብ ቤቱን፣ የምትደርሱበትን ሰዓትና ምግቡን ምረጡ፤ ቺዝ ወይም ሶስ ማስቀረት የሚቻል ከሆነ እዚያው ይታያል። በሩ ጋ ስትደርሱ መድረሳችሁን የምታሳውቁበትን ቁልፍ ካልተጫናችሁ ምግቡ መሠራት አይጀምርም፤ ብዙ ሰው ጠረጴዛ ይዞ በከንቱ የሚጠብቀው ይህን ባለማወቅ ነው። ቁልፉን ከመጫን በፊት ግን ጥያቄ ካላችሁ ወደ መስኮቱ ሂዱ። ጥያቄውን የሚመልሰው ገንዘብ ተቀባዩ ሳይሆን ሼፉ ነው፣ እርሱን ደግሞ ከቀኑ 5፡30 በፊት (በእነርሱ አቆጣጠር 11፡30) ወይም ከ8 ሰዓት በኋላ ማግኘት ይቀላል። በምሳ ግርግር መካከል የሚሰጠው መልስ ግምት ነው።

አስተናጋጅ ባለበት ምግብ ቤት ለመብላት ቦታ መያዝ የሚቻለው ከ60 ቀን በፊት ጀምሮ ነው። ስትይዙ የአመጋገብ ፍላጎታችሁን መጻፍ የምትችሉበት ቦታ አለ፤ «ቪጋን» ብላችሁ ከማቆም «ሥጋ፣ መረቅ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ማር የለም» ብላችሁ ዘርዝሩት። ቡፌ ላይ ከሆነም ሼፉ ዞሮ እያንዳንዱን ትሪ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ፤ ይህ የተለመደ ጥያቄ ነው፣ አያሳፍርም። ኤፕኮት በተባለው ፓርክ ውስጥ በዓመቱ የምግብ ፌስቲቫል ወቅት የሚቆሙት ትናንሽ ድንኳኖች ብዙ ባለ ቅጠል ምግብ አላቸው፣ ግን መጠናቸው ለመቅመስ ያህል ነው፤ አንድ ምሳ የሚያህል ለመብላት ከሦስት ወይም ከአራት ድንኳን መግዛት ያስፈልጋል፣ ሒሳቡም ሳይታወቅ ያድጋል። ለራት አትመኩባቸው።

ይዞ መግባት

ዲዝኒ ወርልድ ምግብ ይዞ መግባት ይፈቅዳል። የማይፈቀደው የመስታወት ዕቃ፣ አልኮል፣ የተበተነና ደረቅ በረዶ፣ እንዲሁም መሞቅ ያለበት ምግብ ነው። ማቀዝቀዣ ቦርሳው ከ61 በ38 በ46 ሴንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም፤ ማቀዝቀዣው የታሸገ የበረዶ ጥቅል ይሁን። የፍሎሪዳ ሙቀት ቸኮላትን በአንድ ሰዓት ውስጥ ያቀልጣል፣ ሁሙስንም (የተፈጨ ሽምብራ) ያበላሻል፣ ስለዚህ ሁሙስ የምትይዙት ከበረዶ ጥቅል ጋር ብቻ ነው። ለአንድ ሰው ለሙሉ ቀን 60 ግራም ያህል የተቆላ ለውዝ ወይም አልሞንድ፣ ሁለት የእህል ባር፣ አንድ የለውዝ ቅቤ የተቀባ ዳቦና ፍራፍሬ ይበቃል። ለውዙን አትናቁት። ፓርክ ውስጥ በቀላሉ የሚገኘው ቪጋን ነገር ድንችና ስኳር ነው፤ ፕሮቲን ሳይኖር ከሰዓት በኋላ ላይ ጉልበት ይከዳል። ውሃ ግን አትሸከሙ፤ በፍጥነት የሚያቀርቡት ምግብ ቤቶች ሲጠየቁ የበረዶ ውሃ በነጻ ይሰጣሉ።

ስንቁን ከአገር ይዞ መሄድ የራሱ ጣጣ አለው። የለውዝ ቅቤ በአውሮፕላን ጣቢያ ፍተሻ እንደ ፈሳሽ ስለሚቆጠር ከ100 ሚሊ ሊትር የሚበልጥ ብልቃጥ በእጅ ሻንጣ አያልፍም። አሜሪካ ስትገቡ የያዛችሁትን ምግብ ሁሉ ለጉምሩክ ማሳወቅ ግዴታ ነው፤ አውሮፕላን ላይ የተሰጠቻችሁ ፖም እንኳ ሳትነገር ከተገኘች ቅጣት ታስከፍላለች። የታሸገውንና የደረቀውን ይዛችሁ፣ ትኩሱን እዚያው ሱቅ ግዙ።

ቶኪዮ ሌላ ጨዋታ ነው

ቶኪዮ ዲዝኒላንድ ምሳ ዕቃ ይዞ መግባት አይፈቅድም፤ ይዞ የመጣ ሰው ከበሩ ውጭ ባለው የሽርሽር ቦታ ይበላል። ስለዚህ የስንቁ መንገድ ወጥቶ መመለስን ይጠይቃል፣ ወይም ከመግባት በፊት ጠግቦ መብላትን።

ሰንጠረዡም ተገላቢጦሽ ነው። የጃፓን ዝርዝር የግዴታና የሚመከር ተብሎ በሁለት ይከፈላል። በሚመከረው ውስጥ የበሬ፣ የአሳማና የዶሮ ሥጋ፣ ጄላቲንም አሉ፤ ሁለቱንም ዝርዝሮች የሚያሳይ ሰንጠረዥ ካገኛችሁ በአሜሪካ የምትጠይቁት ግማሹ እዚያ ተጽፎ ይገኛል። የሚጎድለው ዳሺ ነው፤ ለሾርባ፣ ለኑድል፣ ለሶስ፣ ለተቀቀለ አትክልት ሁሉ መሠረት የሆነው መረቅ። ዳሺ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ካትሱኦቡሺ ከሚባል የደረቀ ቦኒቶ ዓሣ ነው፣ ዝርዝሩ ላይ ያሉት ዓሦች ግን ሳልሞንና ማከሬል ናቸው። ስለዚህ ሰንጠረዡ ላይ ባዶ ረድፍ ያለው ኡዶን ኑድል የዓሣ መረቅ ውስጥ የተነከረ ሊሆን ይችላል። ከባሕር አረም ብቻ የሚሠራ ዳሺም ስላለ መጠየቁ ከንቱ አይደለም።

አስተናጋጁ «ሥጋ የለውም» ሲላችሁ በቅንነት ነው፤ ዳሺን እንደ ሥጋ አይቆጥረውም። በጃፓንኛ የተጻፈ ካርድ ያዙ፤ «ቪጋን» የሚለውን ቃል ብቻ አትጻፉበት። ሥጋ፣ ዓሣ፣ ካትሱኦቡሺ፣ የዓሣ ዳሺ፣ የሥጋ መረቅ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ማርና ጄላቲን አንድ በአንድ ይጻፉ፣ ከሥር ደግሞ «የባሕር አረም ዳሺ እበላለሁ» የሚል መስመር ጨምሩ። ይህች የመጨረሻ መስመር አስተናጋጁ እምቢ ከማለት ይልቅ አማራጭ እንዲፈልግ ታደርገዋለች። ጠዋት ከሱቅ የምትገዙት የሩዝ ድቡልቡል ላይም ካርዱን አሳዩ፤ በኡሜ (ጨው ውስጥ የተዘፈዘፈ የጃፓን ፕለም) የተሞላው እንኳ ቅመሙ ውስጥ የቦኒቶ ጭማቂ ሊኖርበት ይችላል።