የኅዳር ሚካኤል ዋዜማ ሌሊት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን። ከዳንኩ ልመሰክር ተስዬ ነበርና ዘግይቼም ቢሆን ስለቴን አደርሳለሁ።

ለ11 ዓመት አረቄ ጠጥቻለሁ፤ በመጨረሻ ጠዋት ሳልቀምስ ቁልፍ በበር ቀዳዳ ማስገባት እንኳ አይሆንልኝም ነበር። ታናሽ ወንድሜ በሞተ ጊዜ በለቅሶው ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ እግዚአብሔርን «ከእንግዲህ አልጠራህም፤ አንተም አትጥራኝ» ብዬዋለሁ፤ ይህን አልሸሽግም። እናቴ ግን አንድም ቀን ስሜን ከጸሎቷ አላወጣችም። ሁለት ጊዜ ቤቴ ተዘግቼ በድንገት ባቆም በማግስቱ ተንፈራፍሬ ወደቅሁ። ጎረቤት መንፈስ ነው ሲል፣ ሐኪሙ ግን አልኮልን የለመደ አንጎል መጠጡ በድንገት ሲቋረጥበት ከልክ በላይ እንደሚነቃ፣ ያለ ሕክምና ማቆምም እስከ ሞት ሊያደርስ እንደሚችል አስረዳን። እናቴ ከእንጦጦ ማዶ፣ ሱሉልታ ወደሚገኝ ማገገሚያ ማዕከል ያስገባችኝ ስለዚህ ነው።

ሦስተኛው ሌሊት ነበር። ሲስተሯ ቲያሚን የሚባለውን ቫይታሚን ወግታኝ፣ የሚያረጋጋውን ዳያዘፓም አስውጣኝ ነበር፤ ሆኖም ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ላቤ ብርድ ልብሱን አራሰው፤ በመጋረጃው እጥፋት ውስጥ የቆሙ ሰዎችም በስሜ ይጠሩኝ ጀመር። ከአጥሩ ውጭ ጅብ ይጮኻል። ከሩቅ ከበሮ ይመታል። የአልጋውን ብረት ጨብጬ ጥርሴ ይንቀጫቀጫል፤ ሁሉም ከገዛ ጭንቅላቴ የሚወጣ መሰለኝና ማበዴን አመንኩ። 6 ዓመት ሙሉ ያልጠራሁትን ያን ጊዜ ጠራሁት፦ «አቤቱ፥ ከጥልቅ...»፤ የቀረውን ቃል ረስቼው ነበር።

ያን ጊዜ በጎኔ ካለው አልጋ፣ ስድስተኛ ወሩን የያዘ አንድ የደብረ ብርሃን ልጅ ተነሥቶ ጋቢውን ደረበልኝ። ወንድም ዓለም፣ ውለታህን እግዚአብሔር ይክፈልህ። ሮጦ ሲስተርን ጠራት፤ መድኃኒት ተጨመረልኝ፤ እሱም ስኳር የበዛበት ሻይ በሁለት እጁ ይዞ ከንፈሬ ላይ አስጠጋልኝ። አንድ በአንድ ጠየቅሁት።

«ጅቡስ?»

«ጅቡ እውነት ነው፤ እኔም እሰማዋለሁ።»

«ሰዎቹስ?»

«የሉም።»

«ከበሮውስ?»

«ከበሮውማ እውነት ነው። ሲነጋ ኅዳር 12 አይደል? የሚካኤል ማኅሌት ነው።»

«የእግዚአብሔር መልአክ በሚፈሩት ሰዎች ዙሪያ ይሰፍራል፥ ያድናቸውማል» የሚለው የእናቴ ዳዊት መጣብኝ። እኔ እንኳ ከሚፈሩት ወገን አልነበርኩም። ልጁ እስኪነጋ ድረስ እጄን አልለቀቀም።

የቀሩት 9 ወራት በቡድን ውይይት፣ በጸሎትና ጎመን በመኮትኮት አለፉ። አንድ ቀን ብቻ ተቆጥቼ ሻንጣዬን ይዤ እስከ በሩ ሄጄ ነበር፤ የጥበቃው አባት፣ ዕድሜ ይስጥልኝና፣ «ልጄ፣ ቁርስህን ብላና ሂድ» ብለው አስቀሩኝ።

ዛሬ ከመጠጥ ርቄ ከእናቴ ጋር እኖራለሁ። እግዚአብሔር ወንድሜን ለምን እንደ ወሰደው እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ አሁን ግን በስሙ እየጠራሁ እጠይቀዋለሁ።