እናቴ ስለ እኔ የተሳለችው ስለት

እኅቴ ሳዑዲ ሰው ቤት ትሠራለች። በመጀመሪያው ገንዘቧ ሐይቅ ከተማ ዳር ቦታ ገዛንላት። ከዚያ «ለመሠረቱ፣ ለድንጋዩ፣ ለቆርቆሮው» እያለች 180 ሺህ ብር ላከችልኝ። አደራው እኔ እጅ ነበር። እኔ ግን ብሩን በቤቲንግ ጨረስኩት። ስለ ቁማሩ ብዙ አላወራም። እስከ ዛሬ የሚከብደኝ ውሸቱ ነው።

መጀመሪያ «ሲሚንቶ ተወዶ ነው» አልኩ። ቀጥሎ የሰው ግንባታ ፎቶ አንስቼ በኢሞ ላክሁላት። «እጅህ ይባረክ ወንድሜ» ብላ አለቀሰች። እናቴ ደሴ ናት። ሐይቅ ቅርብ ነው፤ «ውሰደኝና ልየው» ባለች ቁጥር «ሲያልቅ ነው የምወስድሽ» እላታለሁ።

አንድ ቀን ቡና ተፈልቶ ሙስሊም ጎረቤታችን መጡ። እናቴ «ልጄ የእኅቱን ቤት ጣሪያ አደረሰላት» አለቻቸው። እሳቸውም እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉልኝ። «አሚን» አልኩ። እናቴ አውቃ ዋሽታ አታውቅም። የእኔን ውሸት ግን በንጹሕ ልቧ ተሸክማ ለሰፈሩ ታዳርስ ነበር። ይህ ነው አጥንቴን የበላው።

ሌሊት እጸልያለሁ። «ጌታዬ፣ ብሩን መልስልኝና ማንም ሳያውቅ ልሥራው» እላለሁ። አልመለሰልኝም። ዛሬ ሳስበው እግዚአብሔርን የምለምነው አብሮኝ እንዲደብቅ ነበር። ሐናንያና ሰጲራ መሬታቸውን ሸጠው ከዋጋው ስለ ማስቀረታቸው ሲሰበክ ተነሥቼ እወጣ ነበር።

እኅቴ ለጥቅምት እመጣለሁ አለች። መስከረም 21 ከእናቴ ጋር ግሸን ማርያም ወጣን። ምእመኑ ያን መስቀለኛ አምባ እንደ ጉንዳን ይወጣዋል። እናቴ ደክሟት ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። አጠገቧ ላረፉት ሴቶች በኩራት «ይሄ ነው ለእኅቱ ቤት የሠራላት» አለቻቸው። ሴቶቹ መረቁኝ።

መቆም አቃተኝ። እግሯ ሥር ወድቄ «እማዬ፣ ቤት የለም። ብሩን በላሁት» አልኳት።

ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ብዙ ቆየች። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦ «እኔ ለእመቤቴ ጃንጥላ የተሳልኩት ለቤቱ አይደለም። ልጄን እንቅልፍ የነሳውን ነገር ግለጭልኝ ብዬ ነው።»

ለካ እኔ እንዲሸፈንልኝ ስለምን፣ እሷ እንዲገለጥላት ትለምን ኖሯል። የተሰማው የእሷ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን!

ከአምባው ሳንወርድ ለእኅቴ ደወልኩ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። በጥቅምት አልመጣችም። ለወራት አላናገረችኝም፤ አልፈርድባትም። የንስሐ አባቴ «አልቅሰህ ብቻ አትቀርም፤ የወሰድከውን መልስ» አሉኝ። ኮምቦልቻ የቀን ሥራ ገባሁ። እስካሁን 40 ሺህ ብር በእናቴ ስም አስቀምጫለሁ። ለጎረቤታችንም ሄጄ እውነቱን ነገርኳቸው፤ እንደገና ዱዓ አደረጉልኝ። ያን ጊዜ አሚን ስል ድምፄ ወጣ።

ባለፈው ሳምንት እኅቴ ራሷ ደወለች። «ፎቶ እንዳትልክልኝ» አለች። «ቦታው ላይ ቁምና በቪዲዮ አሳየኝ።» ሄድኩ። ሣሩን፣ ባዶውን መሬት፣ ማዶ ያለውን ሐይቁን አሳየኋት። ዝም ብላ አየች። «ሣሩን እጨደው» አለችኝ።