ከሙቀቱ አስቀድሞ የሚመጣ ጸደይ

ቁሩ የጠናበት ወቅት ወደ ማብቂያው ሲቃረብ ብዙዎቻችን ጸደይን የምንጠብቀው በሙቀትና በአበባ ነው። እኔ ግን ጸደይ ገና ውርጩ ሳይለቅ በብርሃን እንደሚጀምር ከዓመት ወደ ዓመት ይበልጥ እያመንኩ መጥቻለሁ። ቀኑ በየዕለቱ በጥቂት ደቂቃዎች ሲረዝም፣ እኛ ካፖርታችንን ሳናወልቅ ወፎች ለውጡን ያውቁታል፤ የራስ ቅላቸውን ዘልቆ የሚገባውን ብርሃን የሚለዩ ሕዋሳት በአንጎላቸው ውስጥ ስላሉ፣ የቀኑ መርዘም የመራቢያ ሆርሞኖቻቸውን ያነቃቃል፤ ወንዶቹም ግዛታቸውን ለማስከበርና ተጓዳኝ ለመሳብ ይዘምራሉ። በረዶ በተጋገረበት ማለዳ ቅጠሉን ካራገፈ ዛፍ ጫፍ የሚሰማው ዜማ ለእኔ ከምልክቶች ሁሉ ቀዳሚው ነው።

ቀጥሎ የማስተውለው እምቡጥን ነው። አብዛኞቹ ዛፎች እምቡጣቸውን የሚያዘጋጁት ቀደም ባለው ሞቃት ወቅት ሲሆን፣ በጠንካራ ሽፋን ተጠቅልሎ ብርዱን ያሳልፋል። ይበልጥ የሚደንቀኝ ብርዱ ራሱ አስፈላጊ መሆኑ ነው፤ በርካታ የዛፍ ዓይነቶች ለሳምንታት በቅዝቃዜ ካልቆዩ በቀር እምቡጣቸው በወጉ አይፈታም፤ ስለዚህም በብርዱ ወራት አጋማሽ ድንገት የሚሞቁ ጥቂት ቀናት በቀላሉ አያታልሏቸውም። ጊዜው ሲደርስ እምቡጡ ያብጣል፣ በሽፋኖቹም መካከል ቀጭን አረንጓዴ መስመር ይታያል። ሄዘል የተባለው ቁጥቋጦ ደግሞ ቅጠል ሳያወጣ ቢጫ የወንዴ አበባ ዘለላዎቹን ያንጠለጥላል፤ ብናኙን የሚበትነው ነፋስ ነውና፣ የቅጠል አለመኖር መንገዱን ይከፍትለታል። ሴቴ አበባውን ግን ቀርቦ ያልተመለከተ አያያትም፤ ከእምቡጥ ጫፍ ብቅ ያሉ ጥቃቅን ቀያይ ክሮች ናት።

ብርዱን በቀፎ ውስጥ ተጠጋግተው፣ የክንፍ ጡንቻቸውን እያንቀጠቀጡ ሙቀት ሲፈጥሩ የከረሙት ንቦችም አየሩ ወደ 10 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ ለአጭር በረራ ይወጣሉ፤ አኻያ ካበበ የመጀመሪያውን ቀለብ የሚያገኙት ከእርሱ ነው።

እነዚህን ምልክቶች መመዝገብ ከግል ደስታ ያለፈ ጥቅም እንዳለው አምናለሁ። እንግሊዛዊው ሮበርት ማርሻም በ1736 እ.ኤ.አ. የጀመረውን የጸደይ ምልክቶች መዝገብ ቤተሰቡ እስከ 1958 እ.ኤ.አ. አስቀጥሎታል፤ ዛሬ ተመራማሪዎች የአየር ንብረት ለውጥን ለማጥናት እንዲህ ያሉ መዝገቦችን ይጠቀማሉ። የሚያሳስበኝም ይኸው ነው፤ በየወቅቱ ያለው የቀን ርዝመት ከዓመት ወደ ዓመት አይለወጥም፣ ሙቀቱ ግን እየቀደመ ነው። ዛፎች ቀድመው ሲያቆጠቁጡና ቅጠላቸውን የሚበሉት አባጨጓሬዎች ቀድመው ሲፈለፈሉ፣ በብርሃን የሚመሩና ከሩቅ የሚሰደዱ አንዳንድ ወፎች ጫጩቶቻቸውን የሚመግቡበት ጊዜ ምግቡ ከበዛበት ሰሞን ይዘገያል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ዜማና የመጀመሪያውን አረንጓዴ መስመር ያየሁበትን ቀን ለየብቻ እጽፋለሁ፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ከዓመት ወደ ዓመት እንዴት እንደሚለዋወጥ ማወቅ እፈልጋለሁ።