የማታው እንጀራ

ባለፈው ሳምንት የጥናት ጽሑፋችን በሳይንስ መጽሔት ተቀባይነት አገኘ። ከላክነው 14 ወር ሆኖት ነበር። ኢሜይሉን ያነበብኩት ቱሉ ዲምቱ አደባባይ ታክሲ ተሰልፌ ነው። ወዲያው እማዬ ጋ ደወልኩ። «የምጣዱ ነገር ነው?» አለች። አዎ፣ የምጣዱ ነገር።

ጥናቱ ስለ ኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። ሙቀቱ ከሽቦው ተነስቶ በሸክላው አልፎ ሊጡ ጋ ይደርሳል። ስንቱ ይደርሳል? ስንቱ በጎንና በታች ያመልጣል? ሸክላ ሙቀት የሚያስተላልፈው ቀስ ብሎ ነው፤ ከአሉሚኒየም ጋር ሲተያይ ከመቶ እጥፍ በላይ ያንሳል። ለዚህ ነው ምጣድ ለመጋል የሚቆየው። ከጋለ በኋላ ግን ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። ሶኬቱ ተነቅሎ የመጨረሻዋ እንጀራ የምትወጣውም በዚሁ ነው።

ሥራውን ከእማዬ ግቢ፣ ከማድ ቤቷ ነው የሠራነው። ላብራቶሪ ውስጥም ይቻል ነበር። እኔ ግን ሰው በሚጋግርበት ቤት፣ ሰው በሚጠቀምበት መብራት እንዲለካ ፈለግሁ። የሙቀት መለኪያችን ቴርሞካፕል ነው፤ ጫፋቸው የተያያዘ፣ ከተለያየ ብረት የተሠሩ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች። በእያንዳንዱ ዲግሪ ልዩነት 41 ማይክሮቮልት ገደማ ይሰጣል። ጫፉን ከምጣዱ ላይ መለጠፍ አይሆንም፤ ሊጥ ሲፈስበት የሚለካው ሊጡን ይሁን ሸክላውን አይታወቅም። ስለዚህ ከሥር በኩል በመሰርሰሪያ በሳነው። መሰርሰሪያው በሽቦው ቦዮች መካከል ገብቶ ከላይኛው ገጽ 2 ሚሊሜትር ሲቀረው መቆም አለበት። የመጀመሪያው ምጣድ ሦስተኛው ቀዳዳ ላይ ጧ ብሎ ተሰነጠቀ። ከአቃቂ ገበያ ሌላ ገዝተን በእጅ፣ ያለ ችኮላ፣ ሁለት ቀን ሙሉ በሳነው።

ልንጀምር ስንል እማዬ ከለከለችን። «ሳይሟሽ ትለኪበታለሽ እንዴ?» ጎመን ዘሯን አምጥታ፣ በማሰሻ እያሸች፣ ገጹ እስኪጠቁርና እስኪያበራ አሟሸችው። ትክክል ነበረች። ያልተሟሸ ምጣድ ላይ ሊጡ ይይዛል፤ እንጀራው ካልወጣ ደግሞ የምንመዝነው ነገር የለም። ዘዴያችን ሚዛን ላይ የቆመ ነውና። የሚፈሰውን ሊጥ እንመዝናለን፣ የወጣውን እንጀራ እንመዝናለን፤ ልዩነቱ በእንፋሎት የሄደው ውኃ ነው። አንድ ግራም ውኃ ለመትነን ከ2,200 ጁል በላይ ይወስዳል። ከአክምባሎው ጠርዝ ፉፉ የሚለው እንፋሎት ሒሳቡ እንዲህ ነው።

ስንጨርስ ጽፈን ላክን። በመሃል አንድ መጽሔት በሦስት ቀን ላወጣላችሁ ብሎ ዶላር ጠይቆን ነበር። ማንም ሳያነበው ሊያወጣው። ጓደኞቼ ለእድገት ይጠቅምሻል አሉኝ። እምቢ አልኩ። ማንም ያላነበበው ሥራ ቢታተምም ለእኔ እንዳልታተመ ነው።

የላክንለት መጽሔት ግምገማ ከሰባት ወር በኋላ መጣ። አንደኛው ገምጋሚ ቴርሞካፕላችሁን በፈላ ውኃ ስታመሳክሩ ውኃው ለምን 93 ዲግሪ ሆነ፣ ለምን 100 አልሆነም ብሎ ጠየቀ። ቀላል ነው፤ ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ነን፣ የአየር ግፊቱ ዝቅ ያለ ነው። የዕለቱን ግፊት ጨምረን መለስን። የሁለተኛው ገምጋሚ ጥያቄ ግን አንድ መስመር ነበር። ኃይሉን 3.5 ኪሎዋት ብላችኋል፤ ለክታችሁ ነው ወይስ ምጣዱ ላይ ከተጻፈው ወስዳችሁ?

ከተጻፈው ነበር የወሰድነው።

ያን ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ምጣዱ ላይ የተጻፈው ለ220 ቮልት ነው። እኛ ሰፈር ማታ ሁሉም ቤት ሲጋግር አምፖሉ ራሱ ይደበዝዛል። ኃይል ደግሞ በቮልቴጁ ልክ አይደለም የሚቀንሰው፣ በካሬው ነው። 220ው 190 ሲሆን ቮልቴጁ 14 በመቶ ያህል ነው የወረደው፤ ኃይሉ ግን ሩቡን ያጣል። 3.5 ኪሎዋት ያልነው 2.6 ገደማ ነው ማለት ነው።

ከዚህ የባሰም ነገር ነበር። የማታ መለኪያዎቻችን ከጠዋቱ ጋር አልገጠም ብለውን ነበር። የዘጠኝ ምሽት ሥራ። ተበላሽተዋል ብዬ «ውድቅ» የሚል ፎልደር ውስጥ ከትቻቸዋለሁ፤ ጽሑፉ ውስጥም አላነሳኋቸውም። እማዬ ግን ገና በመጀመሪያው ሳምንት «ማታ መብራቱ ጉልበት የለውም፣ እንጀራዬ ዓይን አያወጣልኝም» ብላኝ ነበር። ሰምቼ አለፍኩት። ባሕር ማዶ ያለው ገምጋሚ የጠየቀኝ እሷ የነገረችኝን ነው።

የኃይል መለኪያ ተውሰን እንደገና ጀመርን። ጠዋትም ማታም፣ አሁን ቮልቴጁ ከሙቀቱ ጋር እኩል እየተመዘገበ። የስህተት ወሰኑን መሐንዲሶቹ ክላይን እና ማክሊንቶክ እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳዩት መንገድ አሰላን። እያንዳንዱ መለኪያ የሚያመጣው ስህተት ካሬ ይሆናል፣ ይደመራል፣ ከዚያ ሥሩ ይወጣል። ሊጡ ጋ የሚደርሰውን የሙቀት ድርሻ በሚያሳየው ግራፍ ላይ የማታዎቹ ነጥቦች ወደ ጠዋቶቹ ተጠጉ። ሙሉ በሙሉ አልገጠሙም፤ ትንሽ ዝቅ ብለው ቀሩ። ያም ምክንያት አለው፤ ምጣዱ ቀስ ብሎ በጋለ ቁጥር ሙቀቱ በጎንና በታች ለማምለጥ ጊዜ ያገኛል። ጥናቱ ውስጥ በጣም የምወደው ውጤት ይኸው ነው። ከውድቁ ፎልደር ነው የወጣው።

ሁለተኛውን መልስ ስጠብቅ ፈረንሳዊውን የሒሳብ ሊቅ ፉርዬን አስብ ነበር። ሙቀት በጠጣር ነገር ውስጥ እንዴት እንደሚጓዝ የጻፈውን ሥራ እ.ኤ.አ. በ1807 ፓሪስ አቀረበ። የዘመኑ ታላላቅ የሒሳብ ሊቆች ላግራንዥና ላፕላስ አልተዋጠላቸውም። መጽሐፉ የወጣው በ1822 ነው። ለምጣዱ ሸክላ የተጠቀምንበት ቀመር የሱ ነው፤ 15 ዓመት የጠበቀው ሰው።

እሑድ ግራፉን ለእማዬ አሳየኋት። ነጥቦቹ ላይ የቆሙትን ትንንሽ መስመሮች በጣቷ እየነካች «እነዚህ ምንድን ናቸው?» አለች። እውነተኛው ቁጥር ከዚህ እስከዚህ ባለው መሃል ነው ማለት ነው አልኳት። አየች፣ አየችና «የማታዎቹ ረዘም ይላሉ» አለች። መብራቱ ስለሚዋልል ነው። ራሷን ነቀነቀች፤ እሷ እንኳን አልገረማትም።

መጽሔቱ ጥሬ ዳታውን በሙሉ ጫኑ ብሎናል። ዛሬ ማታ ቁጭ ብዬ እያስተካከልኩት ነው። ያንን ፎልደር ከፍቼ ስሙን «ማታ» ብዬ ቀየርኩት።