ላቴክ በፎቶ ኮፒ ቤት

ዛሬ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ሥር ካለች ፎቶ ኮፒ ቤት ወረፋ ይዣለሁ። ከፊቴ አንድ የሒሳብ መምህር ፈተና ያስጽፋሉ። ክፍልፋይ በመጣ ቁጥር ልጅቷ በእስክርቢቶ እንዲሞሉት ባዶ ቦታ ትተዋለች።

"ቲቸር፣ በላቴክ ልሞክርልዎት?" አለ ጥግ ላይ ላፕቶፕ ከፍቶ የተቀመጠው ወንድሟ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ላቴክ ጽሑፍና ሒሳብ በኮድ እያዘዝክ የምታስጽፍበት የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። ሒሳቡ በዶላር ምልክት ይከፈታል፣ በዶላር ይዘጋል። ለክፍልፋይ ባክስላሽ፣ ፍራክ ብለህ የላይኛውን በአንድ ጥምዝ ቅንፍ፣ የታችኛውን በሌላ ታስገባለህ። አንዷን ቅንፍ ካልዘጋህ ይጮህብሃል።

እኔን የገረመኝ ግን የሩቱ ምልክት ነው። ልጁ ቢ ስኩዌር ሲቀነስ 4ኤሲ ብሎ ሲጽፍ ጣሪያው ራሱ ተዘርግቶ፣ ሳይረዝም ሳያጥር፣ ሁሉንም ልክክ አድርጎ ሸፈነ። መምህሩ መነጽራቸውን አስተካክለው ስክሪኑ ላይ ተደፉ። "ይኼማ የመጽሐፍ ነው!"

ለነገሩ የላቴክ መሠረት የሆነውን ቴክን በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ የጀመረው አሜሪካዊው የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቅ ዶናልድ ክኑት የራሱ መጽሐፍ የሕትመት ናሙና አስጠልቶት ነው። በዚያ ላይ ላቴክ በነፃ ነው! እኛ ጋ ግን ስንቱ ፈተና ነው ሩቱ በእጅ እየተሣለ የሚባዛው?

መምህሩ ኮዱን ሊማሩ ለቅዳሜ ተቀጣጥረው ሄዱ። መብራት ካለ ማለቴ ነው።