ከ11 የኒሮ ዎልፍ መጻሕፍት በኋላ

ትናንት ማታ 11ኛውን ጨረስኩ። ገዳዩን ከመርማሪው ቀድሜ ለማወቅ ደብተር ይዤ ነው የማነበው። እስካሁን የለየሁት 3ቱን ነው።

ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። አሜሪካዊው ደራሲ ሬክስ ስታውት ከ1934 እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ስለ ዎልፍ 33 ልቦለዶች ጽፏል። ዎልፍ ኒው ዮርክ፣ 35ኛ ጎዳና ላይ የሚኖር ግዙፍ የግል መርማሪ ነው። ለሥራ ብሎ ከቤቱ አይወጣም። ጠዋት ከ3 እስከ 5 ሰዓት፣ ከሰዓት ደግሞ ከ10 እስከ 12 ሰዓት ጣሪያው ላይ ከኦርኪድ አበቦቹ ጋር ነው። ውጭ የሚሯሯጠው ረዳቱ አርቺ ጉድዊን ነው፤ ታሪኩን የሚተርክልንም እሱ።

ሳቁ ያለው አርቺ ዘንድ ነው። አለቃውን ከልቡ ያከብረዋል፤ ግን ገንዘብ ሲሳሳ ሥራ ተቀበል እያለ መቆሚያ መቀመጫ ያሳጣዋል። መጀመሪያ ላይ ቀልዱን እንደ ማጣፈጫ ብቻ ነበር የማየው። ደብተሬን መለስ ብዬ ሳገላብጥ ግን፣ ያመለጡኝ ፍንጮች ብዙዎቹ ተደብቀው የነበሩት እዚያው ቀልዱ ውስጥ ነው። አርቺ በአንዱ እንግዳ አነጋገር ይቀልዳል፣ እኔ ስቄ ገጹን እገልጣለሁ፣ መጨረሻ ላይ ያቺው ቃል ተመልሳ ትመጣለች። አልዋሸኝም እኮ! ያየውን ሁሉ ነግሮኛል። አሁን በሳቅኩ ቁጥር የገጹን ቁጥር እጽፋለሁ። ከ3ቱ 2ቱን ያገኘሁት እንዲህ ማድረግ ከጀመርኩ በኋላ ነው።

የትናንቱ በ1965 የወጣው «ዘ ዶርቤል ራንግ» ነው። አንዲት ሀብታም ሴት የአሜሪካን ፌዴራል ምርመራ ቢሮ፣ ኤፍቢአይን፣ የሚተች መጽሐፍ 10,000 ቅጂ ገዝታ አድላለች። ኤፍቢአይ እግር በእግር ሲከታተላት ጊዜ፣ አስቁምልኝ ብላ ለዎልፍ የ100,000 ዶላር ቼክ ትሰጠዋለች። አርቺ ገና ከመነሻው የቼኩን ቀለም ሮዝ መሆኑን፣ ስፋትና ርዝመቱን ሳይቀር ይነግረናል። ከዚያ ምን ቢል ጥሩ ነው? ይቅርብህ፣ መልስላት!

እዚህ ጋ መጽሐፉን አስቀምጬ ተነሳሁ። በ10 መጽሐፍ ሙሉ ሥራ ተቀበል ሲል የኖረ ሰው እኮ ነው። በዚህኛው የጀመረ አንባቢ ያቺን «መልስላት» ዝም ብሎ ያልፋታል። እኔን ግን ከየትኛውም ሬሳ በላይ ያስደነገጠችኝ እሷ ናት።

ቅዳሜ 12ኛውን እጀምራለሁ። ደብተሬ ላይ አዲስ ዓምድ አስምሬለታለሁ፦ «አርቺ ከልማዱ የወጣበት ገጽ»።