ሁለት ሰው፣ አንድ መንደር፦ ዛንዚባር ላይ እንዴት ፈታ አልን

ለዕረፍት ሄዶ ደክሞ የሚመለስ ሰው ሞልቷል። እኔና ባለቤቴም ለዓመታት ከነሱ ውስጥ ነበርን። በየሁለት ቀኑ ሌላ ከተማ፣ ሌላ አልጋ፣ ሻንጣ መፍታትና ማሰር። ፎቶው ብዙ ነው። የትኛው የት እንደተነሣ ግን እስከ ዛሬ እንከራከራለን። ዛንዚባርን ስናስብ ታዲያ ገና ትኬት ሳንቆርጥ አንድ ነገር ላይ ተስማማን። አንድ መንደር እንመርጣለን፣ እዚያው እንቆያለን፣ ደሴቲቱን ማዳረስ የሚባል ነገር የለም።

መስማማቱ ራሱ ሥራ ነበረው። ባለቤቴ ቁጭ ማለት አይሆንለትም። ቁርስ ላይ ሆኖ ስለ ምሳ፣ ምሳ ላይ ሆኖ ስለ ነገ የሚጠይቅ ሰው ነው። እኔ ደግሞ መጽሐፍና ጥላ ካገኘሁ እስኪርበኝ አልነሣም። ስለዚህ እያንዳንዳችን “ይህ ከሌለ ዕረፍት አይባልም” የምንለውን አንድ ነገር ብቻ ወረቀት ላይ እንድንጽፍ ተነጋገርን። እሱ “ጀልባ” ብሎ ጻፈ። እኔ “ማንም የማይቀሰቅሰኝ ጠዋት” አልኩ። ሌላው ሁሉ ቢሆንም ባይሆንም ግድ የለም ተባለ። ይቺ ወረቀት ብዙ ነገር አቀለለች። ሰው “እዚያ ሳትሄዱማ እንዳትመለሱ!” ሲለን፣ አመስግነን ዝም ነው።

ከዚያ የቦታ ምርጫ መጣ። ሰው ዛንዚባር ሲል አብዛኛውን ጊዜ ትልቋን ደሴት፣ ኡንጉጃን ማለቱ ነው። ሰሜን ጫፏ ላይ ኑንግዊና ኬንድዋ አሉ። እዚያ ባሕሩ ብዙ አይሸሽም፤ ቀኑን ሙሉ ይዋኛል። ፀሐይም ባሕር ላይ ስትጠልቅ ትታያለች። በዚያው ልክ ሰውና ሙዚቃ ይበዛል። ምሥራቁ ዳርቻ ሌላ ነው። ማቴምዌ፣ ብዌጁ፣ ፓጄ፣ ጃምቢያኒ እያለ ወደ ደቡብ ይወርዳል። ከዳርቻው ራቅ ብሎ የኮራል አለት ስለተዘረጋ ትልልቁ ማዕበል እዚያው ይሰበራል። ወደ አሸዋው የሚደርሰው ጥልቀት የሌለው፣ የተረጋጋ ውሃ ነው። ፓጄ የካይት ሰርፊንግ፣ ማለትም ነፋስ በሚጎትተው ሸራ ውሃ ላይ የሚንሸራተቱ ሰዎች ሰፈር ነው፤ ማታ ማታ ሞቅ ይላል። ከሱ ዝቅ ሲባል ጃምቢያኒ ይመጣል፤ በባሕሩ ዳር ለኪሎ ሜትሮች የተዘረጋ የዓሣ አጥማጆች መንደር። የመረጥነው እሱን ነው።

ጊዜውን በተመለከተ ብዙ አልተጨነቅንም፤ ዝናቡን መሸሽ ብቻ ነበር ዓላማችን። ማሲካ የሚሉት ትልቁ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይዘልቃል። በዚያን ጊዜ የሚዘጉ ሆቴሎችም አሉ። ቩሊ የሚባለው ትንሹ ዝናብ ደግሞ ኅዳርና ታኅሣሥ አካባቢ ነው። እኛ የሄድነው ትልቁ ዝናብ ካለፈ በኋላ፣ ኩሲ የተባለው የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ በሚነፍስበት ወቅት ነው። ሙቀቱ ለዘብ ይላል። ነፋሱ ግን ምሥራቁን ዳርቻ ፊት ለፊት ስለሚያገኘው ኮፍያ አያስቀምጥም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ወደ ባሕሩ መሸሽ።

የምሥራቅ ዳርቻን ፎቶ ያየ ሰው ሰማያዊ ውሃ እግሩ ሥር ድረስ ይጠብቃል። ውሃው አለ፤ በሰዓቱ። በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል። በመሙላቱና በመሸሹ መካከል ስድስት ሰዓት ያህል አለ። ነገሩ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ገደማ ይዘገያል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ልዩነቱ ይከፋል፤ የውሃው ከፍታ እስከ 4 ሜትር ድረስ ይለዋወጣል። ዳርቻው ለጥ ያለ ስለሆነ ውሃው ሲወርድ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይሄዳል። ጠዋት ጀልባ የተንሳፈፈበት ቦታ ረፋድ ላይ ጀልባው በጎኑ ተጋድሞ ታገኙታላችሁ።

በዚህ የሚናደድ እንግዳ አይቻለሁ። “የከፈልኩት ለባሕር ነው፣ ባሕሩ የታለ?” ዓይነት። እኛ ግን የዚያን ሳምንት የውሃ ሰዓት ከስልክ ላይ አይተን ወረቀት ላይ ጽፈን ከበሩ ጀርባ ለጠፍነው። ቀናችንን የሚያዝዘው እሱ ሆነ። ውሃው ሲሞላ ዋና ነው። ሲሸሽ የእግር ጉዞ፣ ወይ እንቅልፍ፣ ወይ ንባብ። “ዛሬ ምን እናድርግ?” የሚለው ጥያቄ፣ ሁለት ሰውን ከማንም በላይ የሚያነታርከው ጥያቄ፣ ከመካከላችን ወጣ። ከሁሉም በላይ ያሳረፈኝ ይህ ይመስለኛል። ማንም አይወስንም፣ ማንም አይወቀስም። ባለቤቴ እንኳ ስለ ነገ መጠየቁን ተወ፤ መልሱ በሩ ላይ ተለጥፏላ።

ውሃው ከሸሸ በኋላ ያለውን ዓለም ለማየት ግን መውጣት ያስፈልጋል። አንድ ረፋድ ላይ አለቱ ወዳለበት አቅጣጫ ሄድን። አሸዋው በሞገዱ ልክ ተሸብሽቧል፤ ጠንከር ብሎ የእግርን መዳፍ ይኮረኩራል። በየመካከሉ የቀረው ውሃ በፀሐይ ሞቆ ለብ ብሏል። ትንሽ ራቅ ሲባል መሬት ላይ የተተከሉ አጫጭር እንጨቶች መደዳውን ይታያሉ። በእንጨቶቹ መካከል ገመድ ተወጥሯል፣ ገመዱ ላይ በየስንዝሩ የባሕር አረም ታስሯል። ማሳ ነው። ባለቤቶቹ በአብዛኛው የመንደሩ ሴቶች ናቸው። ሥራው ዛንዚባር ውስጥ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው። ምርቱ ደርቆ ወደ ውጭ ይላካል፤ ከሱ የሚወጣው ካራጊናን ምግብና መዋቢያ ለማወፈር ይገባል። አንዲት ትልቅ ሴት ቀሚሳቸውን ወገባቸው ላይ ሸብ አድርገው ጉልበታቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ቆመው ነበር። ቁራጭ አረም ያነሣሉ፣ በቀጭን ክር ገመዱ ላይ ቋጠር ያደርጋሉ፣ ወደሚቀጥለው። ጣታቸው እንዴት እንደሚፈጥን! ከውሃው መመለስ በፊት መጨረስ አለባቸው። ባለቤቴ ልሞክር ብሎ በምልክት ጠየቀ። እሱ አንዱን አስሮ ሳይጨርስ እሳቸው የገመዱ ጫፍ ደርሰው ነበር። ሳቁብን፣ እኛም ሳቅን። ፎቶ ማንሣት የሚፈልግ ግን መጀመሪያ ይጠይቅ፤ ሰዎቹ ሥራ ላይ ናቸው።

ለዚህ ጉዞ አንድ ዕቃ የግድ ነው፤ የውሃ ጫማ። የባሕር ጃርት አለ። ጥቁር፣ እሾሃም፣ ድንጋይ ሥር የሚደበቅ ነው። ሲረገጥ እሾሁ እግር ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል፤ የዕረፍቱ ግማሽ ከመርፌና ከወረንጦ ጋር ያልቃል። ጫማው ርካሽም ቢሆን ይሠራል። ኮከብ ዓሣ ካገኛችሁ ደግሞ ለፎቶ ብላችሁ ከውሃ አታውጡት፤ ይጎዳዋል። የሚመለሰውን ውሃም መገመት ያስፈልጋል። ሲመጣ ድምፅ የለውም፤ ከኋላ በኩል በቦዩ ዞሮ ነው የሚከብበው። እኛ ማሳው ላይ ያሉት ሴቶች መሰብሰብ ሲጀምሩ አብረን እንመለስ ነበር።

ሁለተኛው የጠቀመን ነገር በቀን ለብቻ የምንሆንበት ሰዓት መያዛችን ነው። ይህን ስናገር ፊታቸውን የሚያጨልሙ ጓደኞች አሉኝ። “ለሁለት ሄዳችሁ ለብቻ?” ይላሉ። አዎ። ከምሳ በኋላ እስከ 10 ሰዓት ድረስ ማንም ማንንም አይፈልግም። እሱ በመንደሩ ሲዞር፣ ኳስ ሲያይ፣ ጀልባ ሲጠግኑ አጠገባቸው ቆሞ ሲጠይቅ ይውላል። እኔ አጎበር ውስጥ ነኝ። ማታ ስንገናኝ የምንነጋገረው ነገር አለን። ሙሉ ቀን አብረው የዋሉ ሰዎች እራት ላይ ስልካቸውን ሲያዩ አስተውላችሁ ይሆናል።

ጀልባውን አልረሳነውም፤ ወረቀቱ ላይ አለ። ንጋላዋ ይሉታል፤ ከእንጨት የተፈለፈለ፣ እንዳይገለበጥ ግራና ቀኝ ተንሳፋፊ እንጨት የተገጠመለት ባለ ሸራ ጀልባ። ካፒቴኑ “ነገ 3 ሰዓት” አለን። እኛ ገባን፤ ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛው ከፀሐይ መውጣት ጀምረው ነው። አብረውን የሚሄዱት አውሮፓውያን ጥንዶች ግን “በሌሊት ነው እንዴ የምንነሣው?” ብለው ሲደናገጡ አስተርጓሚ ሆንንላቸው። በዚህ ረገድ አበሻ ዛንዚባር ላይ የተመቸ ነው። ሌላው ጉዞ ያው ነው። አለቱ አጠገብ መልሕቅ ተጣለ፣ መነጽርና መተንፈሻ ቱቦ ይዘን ገባን፣ ዓሣ አየን። ቲሸርት ለብሳችሁ ዋኙ ብቻ እላለሁ። ቦታው ለምድር ወገብ በጣም ቅርብ ነው፤ ፊቱን ወደ ታች አድርጎ የሚንሳፈፍ ሰው ጀርባው ሲጠበስ አያውቅም።

ስለ ገንዘብ አስቀድሞ መነጋገር ሌላ ሰላም ነው። የቀን ወጪያችንን በሽልንግ ለክተን በየፖስታው ከተትን። የዕለቱ ፖስታ ካለቀ ቀኑ አለቀ። የተረፈው ወደ ጀልባ ይሄዳል። የገንዘብ ማሽኖቹ በአብዛኛው ስቶን ታውን በሚባለው አሮጌው ከተማ ውስጥ ስለሆኑ ወደ መንደር ከመውረድ በፊት ጥሬ ገንዘብ መያዝ ይሻላል። ለውጭ አገር ጎብኚ የግዴታ የሆነ ኢንሹራንስም አለ። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2024 ጀምሮ ከዛንዚባር ኢንሹራንስ ኮርፖሬሽን የሚገዛ ሲሆን ዋጋው ለአዋቂ 44 ዶላር ነው። ሌላ የጉዞ ኢንሹራንስ ቢኖራችሁም አይተካውም። ከመነሣታችሁ በፊት ኢንተርኔት ላይ ጨርሱት፤ ኤርፖርት ላይ በድካም መሃል ባይሆን ጥሩ ነው። ፌስታልም ሻንጣ ውስጥ አትክተቱ፣ የተከለከለ ነው።

ባሕር ዳር አስጎብኚ ነን የሚሉ ወጣቶች ይመጣሉ። ጀልባ፣ የቅመም እርሻ፣ አንባር፣ ሁሉም አላቸው። ባለቤቴ መጀመሪያ ለሁሉም ያስረዳ ነበር። አይሆንም። ሰላም ብሎ ማለፍ፣ በፈገግታ “አመሰግናለሁ፣ አንፈልግም” ማለት ይበቃል። በሁለተኛው ሦስተኛው ቀን ፊታችሁን ይለምዱታል፤ ከዚያ ሰላምታ ብቻ ይቀራል። አንድ ቦታ መቆየት ይህም ጥቅም አለው።

ስቶን ታውንን ለመጨረሻ ነው ያስቀመጥነው። ብዙ ሰው እዚያ ይጀምርና ሙቀቱና ግርግሩ ይበዛበታል። ካረፋችሁ በኋላ ስትደርሱ ግን ጠባብ መንገዶቹ ውስጥ መጥፋቱ ራሱ ደስ ይላል። ከተማው እ.ኤ.አ. በ2000 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የተቀረጹት የእንጨት በሮቹ ብቻ ግማሽ ቀን ያስቆማሉ። የባሪያ ገበያ በነበረበት ቦታ ላይ የአንግሊካን ካቴድራል ቆሟል። ገበያው የተዘጋው እ.ኤ.አ. በ1873 ነው። እዚያ ሄደን ከወጣን በኋላ ለረጅም ጊዜ አልተነጋገርንም። ማታ ፎሮዳኒ መናፈሻ በመብራትና በጭስ ይሞላል። እዚያው ዓይናችሁ እያየ ከሎሚና ከዝንጅብል ጋር የሚጨመቀውን የሸንኮራ ጁስ እንዳታልፉት። ሕዝቡ በብዛት ሙስሊም ስለሆነ ከተማም ሆነ መንደር ውስጥ ትከሻና ጉልበት መሸፈን ተገቢ ነው። የዋና ልብስ ባሕር ዳር ይቆይ። ረመዳን ላይ ከሄዳችሁ ደግሞ ቀን ቀን መንገድ ላይ አትብሉ።

አሁን ክርክራችን ስለሚቀጥለው ነው። ባለቤቴ ፔምባ ይላል፤ ቅርንፉዱ የሚበዛባት፣ እንግዳ የማይበዛባት ሁለተኛዋ ደሴት። ካርታዋን እንኳ አትሟል። እኔ እዚያው ጃምቢያኒ፣ የሚቻል ከሆነም እዚያችው ክፍል። ወረቀት አውጥተን እንደገና አንድ አንድ ነገር ጽፈናል። እሱ “አዲስ ቦታ” ብሏል። እኔ ያው የጠዋት እንቅልፌን።